ቲክቶክ ላይ ሁላችንም ተከራይ ነን

እኔ የምኖርበት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፊኒሺንግ ነው። ስለዚህ ስለ ቤት ውስጥ ዲዛይን ለሚጽፍ ወጣት ገበያው ደጃፉ ላይ ነው። የአንዲት ስቱዲዮ «በፊትና በኋላ» ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ከተለቀቀ ጂፕሰሙም ኪችን ካቢኔቱም ጠያቂ አያጣም። ለማስታወቂያ የሚወጣው የኢንተርኔት ጥቅል ብቻ ነው።

ግን የካቲት 2015 ዓ.ም.ን አንርሳ። ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ ገደቡ የተነሳው ከአምስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ቪፒኤን ያልጫነ ደንበኛ ሥራችንን ማየት አልቻለም። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ ተከታይ የራሳችን ንብረት አይደለም፣ የተከራየነው ነው። በሩ ከተዘጋ ወይም አልጎሪዝሙ ከተቀየረ ውጪ ቀረን ማለት ነው።

ሶሻል ሚዲያን እንተው እያልኩ አይደለም፤ ታፔላ እናድርገው ነው የምለው። ቪዲዮው ሰው ይጥራ፤ ዝርዝሩ፣ ዋጋውና የሥራው ፎቶ ግን በራሳችን ብሎግ ላይ ይቀመጥ። ፈቅዶ ስልኩን የሰጠንን ሰው ደግሞ እንመዝግብ።

እስቲ ነገ ጠዋት ቲክቶክ ባይከፈት፣ ስንት ደንበኛ ጋ መደወል ትችላላችሁ?