መጽሐፉ ከእኛ፣ ምርምሩ ከባሕር ማዶ



ጳጉሜን 3 ቀን የመልአኩን የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል አክብረን፣ ልጆቻችንም በዕለቱ ዝናም ተጠምቀው፣ እነሆ መስከረም 1 ቀን ደረስን። ዕለቱ ርእሰ ዐውደ ዓመት ነው፤ የመጥምቁ የቅዱስ ዮሐንስ መታሰቢያ ነው፤ የመልአኩ የቅዱስ ራጉኤልም በዓል ነው። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ቤተ ሰብ በአንድነት በተሰበሰበበት ሰዓት ከልጆች አንዱ «ራጉኤል ማን ነው? ስሙስ የት ተጽፏል?» ብሎ ቢጠይቅ ስንቶቻችን እንመልስለታለን? ሩፋኤልን በመጽሐፈ ጦቢት እናገኘዋለን። በዚያው መጽሐፍ ራጉኤል የሚባል ሰው አለ፤ እርሱ ግን የሣራ አባት እንጂ መልአክ አይደለም። የመልአኩን ስም ከነተግባሩ የምናገኘው በመጽሐፈ ሄኖክ፣ ቅዱሳን መላእክት በየስማቸው በተዘረዘሩበት ክፍል ነው። በዚያም ሥልጣኑ ከብርሃናት ጋር የተያያዘ ሆኖ ይታያል። ዓመቱ በሚታደስበት ዕለት እርሱን ማክበራችን ምን ያህል የተስማማ እንደ ሆነ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ሊገነዘበው አይችልም።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ከዚሁ ጥያቄ የሚነሣ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠብቃ ለዓለም ያቆየች የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ናት። ስለ መጽሐፉ የተደረገው ምርምር ግን በአብዛኛው በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተጽፎ በሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲዎች መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። መጽሐፉን ያቆየው ሕዝብ ስለ መጽሐፉ የተደረሰበትን ዕውቀት አያውቀውም። ይህ ሊታረም ይገባዋል እንላለን።

ከመጽሐፉ ከራሱ እንነሣ። በብዙ ቤት የሚገኘው የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ ትርጉም 66 መጻሕፍትን ይዞ ሲታተም የኖረ በመሆኑ ሄኖክና ኩፋሌ በውስጡ የሉም። በ2000 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን 81ዱን መጻሕፍት የያዘ መጽሐፍ ቅዱስ ስላሳተመች ዛሬ ሄኖክን በአማርኛ ማግኘት ይቻላል። ማግኘትና ማስተዋል ግን አንድ አይደሉም። የሰማይ ደጆች፣ የነፋሳት መዛግብት፣ የወደቁ ትጉሃን፣ በእንስሳት የተመሰለ ታሪክ፣ ይህ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ የሚዘለቅ አይደለም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ሲገባ ከያዛቸው መጻሕፍት መካከል ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ተሰጠ፤ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ። የአውሮፓ ሊቃውንት እስከዚያ ድረስ መጽሐፉን የሚያውቁት የይሁዳ መልእክት ስለሚጠቅሰውና ጥቂት ክፍሉ በግሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ስለ ተገኘ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ጀርመናዊው አውግስጦስ ዲልማን በ1851 የግዕዙን ንባብ፣ በ1853 የጀርመንኛ ትርጉሙን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ንባቡን ከብዙ ብራና ጋር እያስተያዩ፣ ቃሉን ከቃል እያነጻጸሩ የደከሙት ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ድካማቸውንም አናቃልልም። ይኸው ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ የግዕዙ ቃል የተፈታው ግን በላቲን ነው። የጎጃም የቅኔ ተማሪ የራሱን የግዕዝ ቃል ለመረዳት አስቀድሞ ላቲን ይማር እንደ ማለት ነው! አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ተቀምጠው የደከሙበት፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ለፍጻሜ ያበቁት የግዕዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላት የታተመው ከዚያ 90 ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ1948 ዓ.ም. ነው። ያ መጽሐፍ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ምን ይውጠን ነበር?

አሁን ወደ ሙት ባሕር እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1952 በቁምራን አጠገብ በተገኘው አራተኛው ዋሻ ውስጥ ከተገኙት የብራና ቁርጥራጮች መካከል የሄኖክ መጽሐፍ ክፍሎች በአራማይክ ቋንቋ ተጽፈው ተገኙ። ሚሊክ የተባለው ሊቅ በ1976 ሲያሳትማቸው የ11 ቅጂዎች ቅሪት መሆናቸውን አስታወቀ። የኩፋሌም ቅጂዎች፣ እነዚያ በዕብራይስጥ፣ በቁምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል። ይህ ለአንድ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ምን ማለት ነው? በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመልሶ በገዳሞቻችን ሲገለበጥ የኖረው መጽሐፍ ከጌታችን ልደት በፊት በቅድስት ምድር በአይሁድ እጅ ይነበብ እንደ ነበር በዓይን ታየ ማለት ነው። የግዕዙ ጸሐፊዎች በስንት መቶ ዓመት ድካም ያስተላለፉት ቃል በብዙ ቦታ ከአራማይኩ ጋር መስማማቱ ታወቀ። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ይለያያል፤ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ የሚናገረው ክፍል በአራማይኩ ከግዕዙ ይረዝማል። ሁለቱም መነገር አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ነገር ሌላ ነው። «የሰው ልጅ» ስለተባለው በዙፋን ስለሚቀመጥ ፈራጅ የሚናገረው፣ በውጭ ሊቃውንት አከፋፈል ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል፣ በቁምራን አልተገኘም። ሚሊክ ከዚህ ተነሥቶ ክፍሉ ከክርስትና በኋላ የተጻፈ ነው አለ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ግን አልተቀበሉትም፤ በክርስቶስ ልደት ዘመን አካባቢ በአይሁድ መካከል የነበረ ጽሑፍ ነው ይላሉ። አንባብያን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው፣ ይህን ክርክር ሳይሰማ ያደገ ወጣት ከሁለት አንዱ ይደርስበታል። ወይ የሚሊክን ቃል ብቻ ከአንድ ቦታ ያነብና «ሲያታልሉን ኖሩ» ይላል፤ ወይ ደግሞ «ቁምራን ሁሉን አረጋገጠ» የሚል ሰባኪ ይሰማና ያልተረጋገጠውን ይዞ ይከራከራል። ክርክሩን በቋንቋው፣ በቤቱ፣ ከሚያከብረው መምህር አፍ የሰማ ግን በየትኛውም አይደናገጥም።

ለምሳሌ ከበዓሉ ጋር የሚስማማ አንድ ነገር እንውሰድ። ሄኖክ የብርሃናትን ሥርዐት ከመልአኩ ከዑራኤል እንደ ተማረ የሚተርከው ክፍል ዓመቱን 364 ቀን ያደርገዋል፤ ስምንቱ ወራት 30፣ አራቱ ደግሞ 31 ቀን አላቸው። ኩፋሌም በዚሁ ቁጥር ይስማማል። ቁጥሩ ለ7 ሲካፈል 52 ሳምንት ይወጣዋል፤ ትርፍ የለውም። ስለዚህ በዚህ አቆጣጠር በዓል ሁሉ በየዓመቱ በዚያው ዕለት ይውላል። የእኛ ዓመት ግን 12 ወር በ30 ሆኖ፣ ጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6 ትሆናለች፤ በመሆኑም ርእሰ ዐውደ ዓመት በየዓመቱ አንድ ዕለት፣ ከ6 ጳጉሜን በኋላ ሁለት ዕለት ይራመዳል። «መጽሐፉ የእኛ ከሆነ አቆጣጠራችን ለምን ከመጽሐፉ ተለየ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱም ከባድ አይደለም። ባሕረ ሐሳባችን በድሜጥሮስ ስም የሚጠራውን የእስክንድርያን ሥርዐት የተከተለ ሲሆን የፀሐይን ዙር 365 ቀን ከሩብ አድርጎ ይቆጥራል። የ364ቱ አቆጣጠር ደግሞ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በአይሁድ መካከል ብርቱ ክርክር ያስነሣ፣ የቁምራን ሰዎች የያዙት ሥርዐት ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በእንግሊዝኛ ስንትና ስንት የብራና ዝርዝር ያዘጋጁ ሊቅ ሳሉ፣ «ባሕረ ሐሳብ» በሚል ርእስ ስለ ዘመን ቆጠራችን በአማርኛ የጻፉት መጽሐፍ እንዲህ ያለው ነገር ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። የሚያሳዝነው የእርሳቸውን ፈለግ የተከተሉት ጥቂት መሆናቸው ነው።

ምሁራዊ ጥናትን ወደ ሕዝብ ቋንቋ ማውረድ እምነትን ያናጋል ብለው የሚሰጉ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን። ስጋታቸውን አንንቅም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ እናስታውሳቸው። ዕዝራ በውኃው በር አደባባይ ሕጉን ሲያነብ ሌዋውያን ለሕዝቡ ትርጉሙን ያስረዱ እንደ ነበር በመጽሐፈ ነህምያ ተጽፏል። በምኵራብ ኦሪቱ በዕብራይስጥ ሲነበብ በአራማይክ የሚተረጉም ሰው በአጠገቡ ይቆም ነበር። ራሺ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1105 ያረፈው የፈረንሳዩ ረቢ ሰሎሞን፣ የኦሪቱ ቃል ለአንባቢው ሲጠጥርበት የአገሩን የፈረንሳይኛ ቃል በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፍለት ነበር። የቤተ እስራኤል ቄሶችም ኦሪቱን በግዕዝ እያነበቡ ለሕዝባቸው በሚሰማው ቋንቋ ሲተረጉሙ ኖረዋል። የሕንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ለፊልጶስ ሳያፍር ነገረው፤ ፊልጶስም ማንበቡን እንዲተው አልመከረውም።

ከሁሉም በላይ አንድምታችን አለ። የብሉይ፣ የሐዲስ፣ የሊቃውንትና የመነኮሳት መምህራን የግዕዙን ንባብ ካስነበቡ በኋላ ትርጓሜውን የሚሰጡት በአማርኛ ነው። «አንድም» እያሉ ሁለት ሦስት ፍቺ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ የላይ ቤትና የታች ቤት ልዩነት ሲኖር አይደብቁም፤ ታሪኩን ያመጣሉ፤ ከእርሻና ከገበያ ምሳሌ ይጨምሩበታል። እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1988 ባሳተማቸው መጻሕፍት ይህን ትምህርት ለውጭው ዓለም አስተዋውቋል። ለመሆኑ ልዩ ልዩ አስተያየትን በአንድ ገበታ ማቅረብ የለመደ ትምህርት የአራማይኩን ቁርጥራጭ እንደ አንድ ተጨማሪ «አንድም» መቀበል እንዴት ይከብደዋል?

የመጽሐፉን ዕድሜ በሚመለከት ግን ነገሩ በ«አንድም» ብቻ የሚያልፍ አለመሆኑን አንሸሽግም። ትውፊታችን መጽሐፉን ከአዳም ሰባተኛ ለሆነው ለሄኖክ ይሰጣል። ተመራማሪዎች ደግሞ አምስት ክፍሎች ያሉት፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ በየጊዜው የተጻፈ ነው ይላሉ። በእኛ አስተያየት እነዚህ ሁለት ቃላት የሚመልሱት አንድ ጥያቄ አይደለም። ተመራማሪው የሚመዝነው በእጁ ያለውን ብራናና የቋንቋውን ጠባይ ነው፤ ከዚያ በፊት በቃል የተላለፈውን ሊመዝን አይችልም። ቤተ ክርስቲያን የምትናገረው መጽሐፉን ለምን እንደ ተቀበለችና በውስጡ ማንን እንደምትሰማ ነው። ይህን የማይቀበል ሰው ይኖራል፤ ይሁን። ጥያቄው ተሸፍኖ እንዲቀር ከማድረግ ግን ሁለቱን በግልጽ አስቀምጦ ምእመኑን ማስረዳት ይሻላል።

ሽፋኑን ሌሎች ገልጠውታልና። ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ ስለ ሄኖክ የሚነገረው ተረት ማለቂያ የለውም። «ሮም የደበቀችው መጽሐፍ» ይባላል፤ እውነቱ ግን የግሪክና የላቲን አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፉን መገልበጥ ቀስ በቀስ መተዋቸው፣ የአይሁድ መምህራንም በመጻሕፍቶቻቸው ቍጥር አለማስገባታቸው ነው። «የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ከእንግሊዙ ከንጉሥ ጄምስ በ800 ዓመት ይበልጣል» ይባላል፤ ሰዉም ደስ ብሎት ለወዳጁ ይልከዋል። የእንግሊዙ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመ ትርጉም ብቻ ስለ ሆነ ከእርሱ መብለጥ ምንም ክብር የለውም። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት በብራናቸው ላይ በተደረገው የካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚመደቡ ታውቋል፤ ይህ በእውነት የሚያኮራ ነው። ነገር ግን የያዙት አራቱን ወንጌላት እንጂ 81ዱን መጻሕፍት አይደለም። የታወቁት ጥንታውያን የግዕዝ ሄኖክ ቅጂዎች የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ናቸው። እውነተኛው ክብራችን ይበቃናል፤ በሐሰት ጌጥ ሲሸለም ይቀልላል።

ስለዚህ በመንፈሳውያን ኮሌጆች የተማርን ሰዎች ዕዳ አለብን። ለመመረቂያ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ፣ ለውጭ ጉባኤ የምናቀርበው በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ የአጥቢያው ምእመን ከዕውቀታችን የሚደርሰው የማዕርግ ስማችን ብቻ ነው። በሌላ በኩል የጉባኤ ቤት መምህራን የያዙት ሐተታ በእኛ ደብተር ካልተጻፈ፣ የኔታ ሲያልፉ አብሯቸው ያልፋል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው፤ አንዱ ብራናውን፣ አንዱ የውጭውን ምርምር ይዞ።

ለመጀመሪያ የሚሆነው መጽሐፍ ወፍራም እንዲሆን አንመክርም። ዑራኤል ለሄኖክ የብርሃናትን ሥርዐት ያሳየበት ክፍል 11 ምዕራፍ ብቻ ነው። በአንድ በኩል ግዕዙ፣ በአንጻሩ አማርኛው፣ ከሥሩ የመምህራን ሐተታና ከቁምራን የተገኘው ንባብ ቢታተም ከመቶ ገጽ የሚያልፍ አይመስለንም፤ ዋጋውም ለበዓል ከሚገዛ ዶሮ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ግን ረቂቁ ከሊቃውንቱ ሌላ ለአንዲት እናት፣ ለአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪና ለአንድ ነጋዴ ይነበብላቸው፤ እነርሱ «ይህ አልገባንም» ያሉበት ቦታ ሁሉ እንደገና ይጻፍ።