ኳስ አቀባዩ ልጅ የማን አገልጋይ ነው?

በፈቃደኝነት የሚሰጥ ጉልበት ክቡር ነው። ይህን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም። አዝመራው ሳይሰበሰብ ዝናብ የደረሰበት ገበሬ ደቦ ሲጠራ ማጭዱን ይዞ የሚወጣው ጎረቤት ደመወዝ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ባለ እርሻው ጠላውንና እንጀራውን አቅርቦ ይጠብቀዋል፤ ተራው ሲደርስም የራሱን ማጭድ ይዞ ወደዚያኛው ማሳ ይወርዳል። በየሰፈራችን በክረምት ወራት የአቅመ ደካማ አረጋውያንን ጣሪያ የሚጠግኑ ወጣቶችም ያለ ክፍያ ይሠራሉ፤ ከዚያ ጣሪያ ሥር ግን ትርፍ የሚሰበስብ ማንም የለም። እንግዲህ የፈቃደኝነት ሥራ ሁለት መለያዎች አሉት ማለት ነው። ይኸውም በሰጪውና በተቀባዩ መካከል እኩልነት መኖሩ፣ የሥራውም ፍሬ ለግል ኪስ አለመዋሉ ነው። እነዚህ ሁለቱ ጠፍተው ቃሉ ብቻ በቀረበት ቦታ ሁሉ ጉዳዩን ቀረብ ብሎ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው በዓለም ታላላቅ የሜዳ ቴኒስ ውድድሮች ላይ ኳስ እየለቀሙ የሚያቀብሉትን ታዳጊዎች ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቴሌቪዥን ያላያቸው ያለ አይመስለንም። መረቡ አጠገብ ተንበርክከው፣ ከሜዳው ጀርባም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይጠብቃሉ፤ ነጥቡ እንዳለቀ እንደ ጥይት ተወንጭፈው ኳሱን ያነሣሉ፤ ተመልሰውም እንደ ሐውልት ይቆማሉ። በለንደኑ ዊምብልደን ቁጥራቸው 250 ያህል ነው፤ አማካይ ዕድሜያቸውም 15 ዓመት ነው። ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ተመርጠው ለወራት ይሠለጥናሉ። በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ደግሞ ከ12 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው ልጆች በጃንዋሪ ወር የበጋ ፀሐይ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ሥራ ነው ማለታችን ሆን ብለን ነው። ኳስ አቀባዮቹ ለአንድ ቀን ቢቀሩ ውድድሩ እንደ ልማዱ ሊካሄድ አይችልም።

የአሠራሩን ታሪካዊ አመጣጥ ማወቅ ብዙ ነገር ይገልጥልናል። በዊምብልደን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ኳስ አቀባዮቹ ይመጡ የነበሩት ሻፍትስበሪ ከሚባለው የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ከ1946 ጀምሮ ለ20 ዓመታት ያህል ደግሞ የባርናርዶ የበጎ አድራጎት ድርጅት ያስተዳድረው ከነበረ የልጆች ትምህርት ቤት ይመጡ ነበር። የከበርቴዎች ክበብ ኳስ የሚለቅምለት ልጅ ባስፈለገው ጊዜ ዓይኑን የጣለው ጠያቂ ወላጅ በአጠገባቸው በሌላቸው ልጆች ላይ መሆኑን የአጋጣሚ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይከብደናል። ልጆቹ በዚያን ቀን ተደስተው ይሆናል፤ ከማሳደጊያ ግቢ መውጣት በራሱ ደስታ ነውና። ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኋላ ተራው ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ደረሰ፤ በ1977 ሴት ልጆችም ገቡ። የልጆቹ መምጫ ተለወጠ። አለመናገር፣ አለመንቀሳቀስ፣ ሲታዘዙ መሮጥ የሚለው ሥርዓት ግን ባለበት ቆየ።

ስለ ክፍያ እናንሣ። በኒው ዮርክ የሚካሄደው ውድድር ለኳስ አቀባዮቹ በሰዓት ደመወዝ ይከፍላል። ዊምብልደንም መጠነኛ ክፍያ ይሰጣል። በሜልበርንና በፓሪስ ግን ደመወዝ የለም፤ የደንብ ልብስ፣ ምግብና ስጦታ ብቻ ነው ያለው። የሜልበርኑ ውድድር በ2025 ለተጫዋቾች ያቀረበው ጠቅላላ የሽልማት ገንዘብ 96.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ይህ የቲኬቱን፣ የማስታወቂያውንና የቴሌቪዥን ስርጭት መብቱን ገቢ ሳይቆጥር ነው። በባሕር ማዶ ትምህርት ቤት ስለ ትርፍ እሴት የተማርነውን እዚህ ላይ መዘርዘር አያሻም፤ ወዛደሩ አንባቢያችን ሒሳቡን ከእኛ በተሻለ ያውቀዋል።

«ልጆቹ እኮ ደስ ብሏቸው ነው፤ ታላላቅ ተጫዋቾችን በቅርብ ማየት ከገንዘብ ይበልጣል፤ አመልካቹም ከሚፈለገው ቁጥር በብዙ እጥፍ ይበልጣል» የሚል መልስ ይሰጠናል። ደስታቸውን አንክድም። ይሁን እንጂ በዚያው ሜዳ ላይ ካሜራ የሚያነሣውም ባለሙያ ጨዋታውን ሊወድ ይችላል። ሣሩን የሚያጭደው፣ ቲኬቱን የሚቆርጠው፣ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃም እንዲሁ። ሥራህን ስለምትወድ ደመወዝህ ይቅር የተባለ ካሜራ አንሺ ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም። ይህ አመክንዮ የሚሠራው ለመደራደር ዕድሜው ባልደረሰው ሰው ላይ ብቻ ነው። በተጨማሪም አንድ የተዘነጋ ነገር አለ። ያለ ክፍያ ለወራት መሠልጠንና ለሁለት ሳምንታት መሰለፍ የሚችለው ልጁን ወስዶ የሚመልስ ወላጅ፣ የሚመልስበትም ጊዜና መኪና ያለው ቤተሰብ ነው። የእጅ ገንዘብ ለማግኘት በበጋው ዕረፍት ሱቅ ውስጥ መቆም ያለበት የሠራተኛ ልጅ ከዚያ ሰልፍ አስቀድሞ ወጥቷል። ድሮ በድህነታቸው ተመርጠው ይመጡ ነበር፤ አሁን ድሆቹ መምጣት አይችሉም።

«ከተከፈላቸው የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ይሆናል» የሚሉም አሉ። ነገሩን ገልብጠው ያዩት ይመስለናል። ክፍያ ሲመጣ ውል ይመጣል፤ ከውሉ ጋርም የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የዕረፍት ጊዜ፣ የጉዳት ኃላፊነት ይመጣል። ያለ ክፍያ የሚሠራው ልጅ ግን እነዚህን ሁሉ የሚያገኘው በአዘጋጁ መልካም ፈቃድ ነው።

መልካም ፈቃድ ምን ያህል እንደሚያስተማምን በጃንዋሪ 2020 በሜልበርን በተደረገ አንድ የማጣሪያ ግጥሚያ ላይ ታይቷል። ፈረንሳዊው ተጫዋች ኤሊዮት ቤንሼትሪ በዕረፍት ላይ ተቀምጦ ሳለ ሙዝ ያመጣችለትን ኳስ አቀባይ ልጅ ልጣጩን ላጪልኝ አላት። በኋላ እጁ ቅባት ስለነበረበት ነው ብሎ አስረድቷል፤ እንመነው። ልጅቱ ግን ሙዙን ይዛ ግራ ተጋብታ ቆመች። እምቢ እንድትል ያስተማራት የለም፤ እሺ እንድትል ግን ለወራት ሠልጥናለች። ያዳናት ከከፍተኛው ወንበር ላይ የነበረው ዳኛ ነበር። ጣልቃ ገብቶ አትላጥም አለ፤ ተጫዋቹም ሙዙን ራሱ ላጠ። በዚያ ወንበር ላይ ሌላ ዳኛ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህ ጥያቄ በአንድ ሰው ጠባይ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት አልነበረበትም።

የሙዙ ነገር ሰዉን ሁሉ አሳቀ፤ አስቆጣም። ለዓመታት በየነጥቡ መካከል ይፈጸም የነበረው የፎጣ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ማንንም አላስደነቀም ነበር። ተጫዋቹ ያላበው ፊቱንና ክንዱን ይጠርጋል፤ ፎጣውን ወደ ልጁ ይወረውራል፤ ልጁም የሌላ ሰው ላብ ያረጠበውን ፎጣ በሁለት እጁ ዘርግቶ ይቀበላል። በሴፕቴምበር 2018 በቻይና ሼንዘን ከተማ ስፔናዊው ፈርናንዶ ቬርዳስኮ ፎጣው ዘገየብኝ ብሎ በኳስ አቀባይ ልጅ ላይ ሲቆጣ የሚያሳይ ፊልም በመላው ዓለም ተሠራጨ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በኖቬምበር በጣሊያን ሚላን በተካሄደው የወጣት ተጫዋቾች ውድድር ላይ የፎጣ ማስቀመጫ በሜዳው ጀርባ ተተክሎ እያንዳንዱ ተጫዋች ፎጣውን ራሱ እንዲያመጣ በሙከራ ደረጃ ተወሰነ። ግሪካዊው ስቴፋኖስ ሲሲፓስ ቅሬታ አሰማ። ኳስና ፎጣ ማቅረብ የልጆቹ ሥራ መሆኑን፣ ፎጣው ሲቀርብለትም ስለሚቀጥለው ነጥብ ማሰብ እንደሚችል ተናገረ። ፎጣውን ራሱ እየወሰደ ራሱ እየመለሰም የዚያን ውድድር ዋንጫ አነሣ።

ቀጥሎ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። የሌላውን ሰው ላብ መንካት አደገኛ ሊሆን ይችላል ተብሎ በተፈራ ጊዜ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ሁሉ ወደ ሜዳው ጥግ እየተራመዱ ፎጣቸውን ማንሣት ጀመሩ። ጨዋታው አልተበላሸም። የተመልካች ቁጥርም በዚህ ምክንያት አልቀነሰም። «የጨዋታው ባሕርይ የግድ የሚለው ነው» ይባል የነበረው አገልግሎት በጥቂት ወራት ውስጥ ቀረ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ፤ ልማዱን ያስቀረው የልጁ ክብር ሳይሆን የተጫዋቹና የአዘጋጁ የገዛ ጤና ነበር።

የልጆቹን አካል በተመለከተ ሕጉ ጠንካራ መሆኑን መመስከር ይኖርብናል። በ1995 በዊምብልደን የጥንድ ጨዋታ ላይ ቲም ሄንማን ተናዶ የመታው ኳስ አንዲት ኳስ አቀባይ ልጅን ራሷ ላይ አግኝቷት ወዲያውኑ ከጨዋታው ተባረረ፤ በማግሥቱም አበባ ይዞ ይቅርታ ጠየቃት። በ2023 በፓሪስ ደግሞ ጃፓናዊቷ ሚዩ ካቶ ያለ ቁጣ ወደ ሜዳው ጫፍ የላከችው ኳስ የአንዲትን ልጅ አንገት መታ። በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ብቻ ተሰጣት፤ ተጋጣሚዎቿ ልጅቱ እያለቀሰች መሆኑን ካመለከቱ በኋላ ግን ጥንዱ ከውድድር ተሰናበቱ። ብዙዎች ቅጣቱ በዛ አሉ፤ እኛም ለካቶ እናዝንላታለን። ግን እዚህ ላይ ያለውን መዛባት አንባቢው ልብ ይበልልን፤ በስሕተት የተላከ ኳስ ተጫዋችን ሲያሰናብት፣ ሆን ተብሎ የሚሰጥ አዋራጅ ትእዛዝ ለዳኛው ስሜት ተትቷል።

ሙቀቱም ሌላው ነው። በጃንዋሪ 2014 በሜልበርን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በወጣበት ቀን ኳስ አቀባይ ልጅ ሜዳ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። በጁላይ 1 ቀን 2015 ዊምብልደን 35.7 ዲግሪ በደረሰበት ቀን አንድ ኳስ አቀባይ እንዲሁ ወድቆ በሐኪሞች ተወሰደ። ተጫዋቹ ሲደክመው በዕረፍቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጥላ ተይዞለት በረዶ አንገቱ ላይ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ያንን ጥላ ይዞለት የሚቆመው ያው ልጅ ነው።

መልካም ተጫዋቾች እንዳሉ አንዘነጋም። ሮጀር ፌደረር በልጅነቱ በትውልድ ከተማው በባዝል ኳስ አቀባይ ነበር፤ ታላቅ ሰው ከሆነም በኋላ በዚያው ውድድር መጨረሻ ላይ ለልጆቹ ፒዛ ይጋብዝ ነበር። የሚያስመሰግነው ነው። ይሁንና በባዝል የተበላ ፒዛ ለሜልበርኑ ልጅ አይደርስም፤ የአንድ ሰው ደግነትም ሰውዬው ራኬቱን ሲሰቅል አብሮ ይሰቀላል። ፌደረር በ2022 ራኬቱን ሰቅሏል።

አሁን ወደ ተጫዋቾቹ እንመለስ፤ ጉዳዩ በእነርሱም እጅ ነውና። በ2020 ኖቫክ ጆኮቪችና ቫሴክ ፖስፒሲል የተጫዋቾች ማኅበር መሠረቱ። ያ ማኅበር በማርች 2025 የስፖርቱን አስተዳዳሪዎች በፍርድ ቤት ከሰሰ። በዚያው ሰሞን ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ለአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ደብዳቤ ጽፈው ከገቢው የሚገባንን ድርሻ አናገኝም፣ ለጡረታና ለጤና የሚሆን መዋጮ ይመደብልን፣ በሚመለከተን ውሳኔ ላይም እንማከር አሉ። ትክክል ናቸው። ትርፉን የሚያመነጨው የሚሠራው ሰው መሆኑን፣ ድርሻውን ለማግኘትም መደራጀት እንዳለበት የተረዱ ሰዎች ናቸው። በዘገባ ከወጡት ጥያቄዎቻቸው መካከል ግን በየነጥቡ መካከል ኳስ የሚያቀብላቸውን ልጅ የሚመለከት አላየንም። ኳስ አቀባዩ ማኅበር የለውም፤ በ15 ዓመቱም ሊያቋቁም አይችልም። የጥያቄውን ደብዳቤ የሚጽፉለት በዚያው ሜዳ ላይ ያሉ ትልልቆቹ ናቸው።

በደብዳቤው ላይ አንድ ገጽ ቢጨመር ሊይዝ የሚችለው ብዙ አይደለም። በአራቱም ውድድሮች የሰዓት ክፍያ ይኑር፤ ሙቀቱ ተጫዋቹን የሚያስቆምበት ደረጃ ላይ ከመድረሱ በፊት ልጁን የሚያስቆም የዲግሪ ወሰን ይጻፍ፤ ከኳስ ማቀበል ውጭ ያለ ትእዛዝ ሁሉ በደንቡ የተከለከለ ይሁን፤ ልጁም ሥልጠናውን ሲጀምር በመጀመሪያው ቀን እምቢ ማለት የሚችልባቸው ነገሮች ዝርዝር ተነቦለት በእጁ ይሰጠው።