ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፤ ታዲያ ምን አራቀን?

ለንደን ውስጥ የጤና ትምህርት የሚማር ሰው አንድ ቀን ሳይሰማው የማይቀር ነገር አለ። በጁብሊ የባቡር መስመር ከዌስትሚንስተር ወደ ምሥራቅ እስከ ካኒንግ ታውን ስምንት ፌርማታ ነው። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት የለንደን ጤና ኦብዘርቫቶሪ እንዳሰላው፣ በዚህ ጉዞ በየፌርማታው ሰው ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ዕድሜ አንድ ዓመት ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ይህ ሲነገረን ብዙዎቻችን ያሰብነው ስለ አዛውንቶች ነበር። ልዩነቱ ግን የሚጀምረው ገና ልጁ ሳይወለድ ነው። ዛሬ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

እዚህ አገር ከ24 ሳምንት እርግዝና በኋላ ሕይወት ሳይኖረው የተወለደ ሕፃን «ሞቶ የተወለደ» ተብሎ ይመዘገባል። በሕይወት ተወልዶ 28 ቀን ሳይሞላው ያረፈ ደግሞ የጨቅላ ሕፃን ሞት ይባላል። ኤምብሬስ የሚባል የጥናት ቡድን እነዚህን ሞቶች በመላ ዩናይትድ ኪንግደም እየቆጠረ በየጊዜው ሪፖርት ያወጣል። በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከ1,000 ወሊድ ውስጥ 3.35 ሕፃናት ሞተው ተወልደዋል። በሕይወት ከተወለዱት 1,000 ውስጥ ደግሞ 1.69 በመጀመሪያው ወር አርፈዋል። ከዓለም ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ሞቱ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ድህነት በጸናባቸው ሠፈሮች ሞቶ የመወለድ መጠን፣ ኑሮ ከተመቻቸባቸው ሠፈሮች ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። በጥቁር ሕፃናት ላይ ደግሞ ከነጮቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

«ይህ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። በ2021 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በእንግሊዝ ከ1 ሚሊዮን በላይ ወሊዶችን መርምሮ ነበር። ሁሉም እናቶች ኑሯቸው የደላቸው እናቶች ያላቸውን ዕድል ቢያገኙ ኖሮ፣ ሞተው ከተወለዱት ሕፃናት ሩብ የሚጠጉት ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር ገምቷል። ከዚያ በፊትም በ2015 ኤምብሬስ የእርግዝና ጊዜያቸውን ጨርሰው ምጥ ሳይጀምር ማሕፀን ውስጥ ስላረፉ ሕፃናት መርምሮ፣ ከ10 ሞቶች በ6ቱ የተሻለ እንክብካቤ ውጤቱን ሊለውጥ ይችል ነበር ብሏል። ስለዚህ የምናወራው መከላከል ስለሚቻል ሞት ነው።

አሁን ካርታውን እንመልከት። ለንደን ውስጥ ሀብታሙና ድሃው ተለያይተው አይኖሩም። በኬንሲንግተንና ቼልሲ ክፍለ ከተማ የአገሪቱ እጅግ ውድ ቤቶች፣ ከሰሜን ኬንሲንግተን የካውንስል ፎቆች በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ናቸው። የክፍለ ከተማው አማካይ ቁጥር ሁለቱን ደባልቆ «ደህና ነው» ሊል ይችላል። እኛ ደግሞ በቁጥሩ ውስጥ ለብቻችን አንታይም። የሆስፒታሉ ቅጽ ላይ «ጥቁር አፍሪካዊ» የሚለው ሳጥን የኢትዮጵያን፣ የናይጄሪያን፣ የጋናንና የሶማሊያን እናቶች በአንድ ላይ ይዟል። በቋንቋ፣ በምግብና በስደት ታሪክ የማይገናኙ ሴቶች በአንድ ቁጥር ይጠራሉ።

በ1854 ሶሆ ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾቹ የኖሩባቸውን ቤቶች ካርታ ላይ ምልክት አደረገ። ምልክቶቹ በብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ የፓምፑም እጀታ ተነቀለ። ይህን ታሪክ ሁላችንም ተምረነዋል። ትልቁ ቁም ነገር ካርታውን መሣሉ ብቻ አይደለም፤ «እዚህ ቦታ ምን አለ?» ብሎ መጠየቁ ነው። እኛም ስለ ሕፃናቱ ይህንኑ መጠየቅ አለብን።

አገር ቤት መልሱ ብዙ ጊዜ መንገድ ነው። በ2019 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ያርፋሉ። ከገጠር ቀበሌ እስከ ሆስፒታል ያለውን ርቀት፣ አምቡላንስ ማጣትን፣ የክረምቱን ጭቃ ሁላችንም ከቤተሰብ ሰምተናል። ለንደን ውስጥ ግን ሆስፒታሉ በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚያርቀን ሌላ ነገር መሆን አለበት። እኔ አንዱን በዓይኔ አይቻለሁ።

የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ አክስቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ለክትትል ስትሄድ እኔን አስከትላ ሄደች፤ በዚያ ሰዓት ከቤቱ እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። አዋላጇ ስለ ልጁ ስትጠይቃት አክስቴ «ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሎብኛል» አለች። እኔ በእንግሊዝኛ «ልጁ ጸጥ ያለ ነው» ብዬ ተረጎምኩ። በእንግሊዝኛ ጸጥ ያለ ሕፃን ሲባል የማያስቸግር፣ ጥሩ ልጅ ማለት ነው። አዋላጇ ፈገግ አለችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። አክስቴ ግን እጇን ከሆዷ ላይ አላነሳችም። አዋላጇ ይህን ስታይ ተመልሳ «ሲንቀሳቀስ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማሽ መቼ ነው?» አለቻት። ወዲያው የልጁ የልብ ምት ታየ፤ በዚያው ሌሊት በኦፕራሲዮን ተወለደ። ዛሬ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኳስ እንጂ ሌላ ወሬ የለውም። እሱን ባየሁ ቁጥር ግን አዋላጇ ወደ አክስቴ እጅ ባታይ ኖሮ እላለሁ። አንድ ልጅ በአንዲት ባለሙያ አስተዋይነት ተረፈ። እያንዳንዷ እናት እንዲህ ያለች ባለሙያ ትገጥማታለች ብሎ መተማመን ግን አይቻልም።

ኤንኤችኤስ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ በስልክም ቢሆን። ዘመድ፣ በተለይም ልጅ፣ እንዲያስተረጉም አይመከርም። ሆኖም ቀጠሮው ስለሚያልፍ፣ ሰው ማስቸገር ስለሚያሳፍረን፣ «ልጄ ትችላለች» እንላለን። ባለሙያውም ጊዜ ስለሚያጥረው ዝም ብሎ ይቀበለናል።

ሁለተኛው የሚያርቀን ነገር መዘግየት ነው። የመጀመሪያው የክትትል ቀጠሮ እስከ 10ኛው ሳምንት ድረስ እንዲሆን ይመከራል። እኛ ዘንድ ግን እርግዝና ቶሎ አይነገርም፤ ሆድ እስኪገፋ ይደበቃል፣ ዓይን ይፈራል። ይህን ባህል አልነቅፍም፤ ለጎረቤት አለመናገር መብት ነው። ለአዋላጅ አለመናገር ግን የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሳይታዩ እንዲቆዩ፣ የጽንሱ ዕድገት ከመጀመሪያው እንዳይለካ ያደርጋል።

ሦስተኛው የሒሳብ ፍርሃት ነው። ጥገኝነት ጠይቃ መልስ የምትጠብቅ እናት ለክትትልም ሆነ ለወሊድ አትከፍልም። ወረቀቷ ያልተስተካከለ ሌላ እናት በኋላ ሒሳብ ሊመጣባት ይችላል፤ ይህ በእኔ እምነት መለወጥ ያለበት ደንብ ነው። ቢሆንም በደንቡ መሠረት በገንዘብ ምክንያት የወሊድ እንክብካቤ አይከለከልም፣ አይዘገይምም። ይህን የማታውቅ ሴት ምጥ እስኪመጣ ቤቷ ትቀመጣለች።

«እናቶቹ ዘግይተው ከመጡ ሆስፒታሉ ምን ያድርግ?» የሚሉ የክፍል ጓደኞች አሉኝ። መልሱ ለንደን ውስጥ ተሞክሯል። በላምቤዝ ድህነት በበዛባቸው ሠፈሮች ለሚኖሩ እናቶች፣ ከእርግዝና እስከ ወሊድ በኋላ የሚከታተሏቸው የሚያውቋቸው አዋላጆች ተመደቡላቸው። በ2021 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በእነዚህ እናቶች ዘንድ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን 5.1 በመቶ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር ከታዩት ተመሳሳይ እናቶች ዘንድ 11.2 በመቶ ነበር። ያለ ጊዜ መወለድ ደግሞ ከጨቅላ ሕፃናት ሞት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ሠፈሩ ያው ነው፣ ድህነቱም ያው ነው፤ የተለወጠው እናቲቱን የሚያውቃት ሰው መኖሩ ነው። ችግሩ በደማችን ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣ ነበር?

ስለዚህ ከሆስፒታሎቹ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የሞቱ ቁጥር በክፍለ ከተማ አማካይ ብቻ ሳይሆን በትንንሽ ሠፈርና በእናቲቱ ቋንቋ ተለይቶ ይውጣ። በአንድ ዓመት ቁጥሩ ትንሽ ስለሚሆን ያሳስታል፣ የቤተሰብንም ምስጢር ሊያጋልጥ ይችላል፤ የአምስት ዓመቱ ተደምሮ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ የላምቤዙ ዓይነት አሠራር መጀመሪያ ሞት ወደ በዛባቸው ሠፈሮች ይሂድ።

ከራሳችንም የምንጠይቀው አለ። ብዙዎቻችን ልጅ ሳለን አስተርጓሚ ነበርን፤ ያ እንዲቀር ማድረግ የምንችለውም እኛው ነን። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየዕድሩ ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን በአማርኛ ልንነግራቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። እርጉዝ መሆንሽን እንዳወቅሽ ለአዋላጅ ንገሪ። ቀጠሮ ስትይዢ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በዪ። የልጁ እንቅስቃሴ ከለመድሽው ከቀነሰ፣ እስከ ነገ አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ወሊድ ክፍሉ ደውዪ። «ወደ መጨረሻው ልጁ እንቅስቃሴ ይቀንሳል» የሚባለው እውነት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጇ ሞቶ ለተወለደባት እናት «እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» እንላለን። ለማጽናናት ነው፤ ግን ወሬውን እዚያው ይዘጋዋል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሞት በሆስፒታሉ ሊመረመር ይገባል፤ ወላጆችም ጥያቄያቸውን ለምርመራው ማቅረብ ይችላሉ። አብሯት ሄዶ የሚጠይቅላት፣ ደብዳቤውን የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋታል። ይህን ለማድረግ ዲግሪያችንን እስክንይዝ መጠበቅ የለብንም። ማኅበራችን በሚቀጥለው ተርም አንድ ቅዳሜ ለዚህ እንዲመድብ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።