የረጋ ደም

እናቴ የታመመ ሰው ስትጠይቅ ከአፏ እጇ ይቀድማል፡፡ ቅቤውን በመዳፏ አሙቃ ማሸት ከጀመረች በኋላ ነው «የቱ ጋ ነው?» የምትለው፡፡ ልጅ ሳለሁ ኳስ ስጫወት ውዬ ባቴ ሲተሳሰር፣ እንቅልፍ የሚወስደኝ በእጇ ሥር ነበር፡፡ ስለዚህ መታሸትን ከሚያቃልሉ ወገን አይደለሁም፡፡

የማልቀበለው ማብራሪያዋን ነው፡፡ ለእናቴ ሕመም ሁሉ የረጋ ደም ነው፤ ማሸትም እርሱን መበተን፡፡ ያልለመደውን ሥራ የሠራ ጡንቻ በማግስቱና በሠልስቱ የሚብስበት ግን ደም ስለ ረጋበት ሳይሆን፣ ጥቃቅን ክሮቹ ተጎድተው ስለሚቆጡ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11 ወጣቶችን እስኪዝሉ ብስክሌት አስነድተው፣ የእያንዳንዳቸውን አንድ እግር ለ10 ደቂቃ አሳሹ፤ ሌላውን ተዉት፡፡ በታሸው ጡንቻ ውስጥ የመቆጣቱ ምልክት ቀንሶ ተገኘ፡፡ «ላክቲክ አሲድን ያስወጣል» የሚባለው ግን አልታየም፡፡ ደምን ለማዘዋወርማ ከማንም እጅ ይልቅ የገዛ እግር ይበረታል፤ በእርምጃ ቁጥር ባታችን ደሙን ሽቅብ ወደ ልብ ይገፋዋልና፡፡

አምና አክስቴ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ተኝታ ከረመች፡፡ አንድ ጠዋት ግራ ባቷ ብቻውን አብጦ፣ ግሎ፣ አላስነካ አለ፡፡ እናቴ ቅቤ አሞቀች፡፡ እጇን ያዝሁት፡፡ የተናገርኋትም ቃል ልጅ ለእናቱ የሚናገረው አልነበረም፡፡ ሆስፒታል ስንደርስ በአልትራሳውንድ የታየው፣ በእግሯ ጥልቅ የደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ነበር፡፡

እናቴ ትክክል ነበረች! ዕድሜዋን ሙሉ የተናገረችው አንድ ቀን እውነት ሆኖ ሲገኝ ግን፣ መድኃኒቷ ገዳይ ሊሆን ነበር፤ እንዲህ ያለው ደም ቢታሽ ተቆርሶ ሳንባን ሊዘጋ ይችላል፡፡ (በየከተማችን የተከፈቱት የማሳጅ ቤቶችም «የደም ዝውውርን ያሻሽላል» ብለው በትልቁ ይጽፋሉ፤ መታሸት የሌለበት ማን እንደሆነ የጻፈ ግን እስካሁን አላየሁም፡፡)

አክስቴ ደም ማቅጠኛ እየወሰደች ዳነች፡፡ እናቴ ለወር ያህል ማንንም አላሸችም፤ እኔም ከዚያ ወር የከፋ ዝምታ በቤታችን አላስታውስም፡፡

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን እያነከሰች መጣች፡፡ እናቴ ቅቤውን ከማውጣቷ በፊት፣ «አንዱ ነው ሁለቱም? ያተኩሳል? አብጧል?» ብላ ጠየቀች፡፡ ወደ እኔ ግን አላየችም፡፡