ሰሙ ከወርቁ ይቀድማል

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ካርቶን ሲቈርጥ፣ ጭቃ ሲያድቦለቡል፣ በወረቀትም ላይ መስመር ሲያሰምር ብታገኙት፣ ጊዜውን በከንቱ አጠፋ ብላችሁ ከመቈጣታችሁ በፊት ጥቂት ታገሡ። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነገር ነው።

አሳቡን ያስነሣብን በነቀምቴ ከተማ አንድ ወዳጃችን ራሳቸው ያጫወቱን ታሪክ ነው። እኒህ ሰው በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን የቈዩ፣ ልጃቸውም እንደ እርሳቸው በቢሮ እንዲቀመጥላቸው የሚመኙ ናቸው። ልጁ ግን የሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ የዕቃ ንድፍ ይማራል። ይኸውም አንድ ዕቃ ከመሠራቱ አስቀድሞ ለማን እንደሚሠራ መጠየቅ፣ መልኩንና ልኩን በእርሳስ መንደፍ፣ ከዚያም ትንሽ አምሳያ ሠርቶ መፈተን ነው።

ልጁ ይህን ከመማሩ በፊት፣ ለአያቴ በርጩማ ልሥራ ብሎ፣ ንድፍም ልክም ሳይዝ አባቱ ለዓመታት ያስቀመጡትን የዋንዛ ግንድ በመጥረቢያና በመሮ ጠረበው። በርጩማው መልኩ ያማረ ነበር፤ ቁመቱ ግን ከ25 ሳንቲሜትር አላለፈም። ጕልበታቸው የደከመው አያት ከተቀመጡበት በኋላ ሰው ደግፎ ካላነሣቸው በቀር መነሣት አቃታቸው። የተጠረበ እንጨት ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም። አባት ስለ ግንዱ ተቈጡ፤ ልጁም ዐፈረ።

መቈጣታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዋንዛ እንደ ዋዛ የሚገኝ ዛፍ አይደለም። በወለጋ ለቡና ጥላ ይሆናል፤ ለበርና ለወንበርም ተፈላጊ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋራ ቈጥሮ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጥ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ አንድ ግንድ ማበላሸት እንደ ቀላል ጥፋት አይታይም።

ልጁ በሁለተኛው ጊዜ ከመጥረቢያው አስቀድሞ ሜትሩን አነሣ። አኮ እያለ የሚጠራቸውን አያቱን አስቀምጦ ከተረከዛቸው እስከ ጕልበታቸው ማጠፊያ ለካ። ከዚያም ጡብ ደርድሮ፣ በላዩም ሳንቃ አድርጎ፣ በ35፣ በ40 እና በ45 ሳንቲሜትር ከፍታ በየተራ አስቀመጣቸው። በ35 ሳንቲሜትር ለመነሣት የሰው እጅ ፈለጉ፤ በ45 ሳንቲሜትር እግራቸው መሬቱን አጥብቆ አልረገጠም፤ በ40 ሳንቲሜትር ግን ያለ ደጋፊ ተነሡ። ይህን ልክ በደብተሩ ጻፈ፤ በርጩማውንም አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጐን፣ አንድ ጊዜ ከላይ እንደሚታይ አድርጎ ነደፈው።

ቀጥሎም እያንዳንዱን 5 ሳንቲሜትር ወደ 1 ሳንቲሜትር አሳንሶ፣ ቁመቱ 8 ሳንቲሜትር የሆነ የካርቶን በርጩማ ሠራ። ጠርዙን በጣቱ ቢጫነው ተገለበጠ። ሦስት እግር ያለው ዕቃ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም፤ ነገር ግን ክብደቱ እግሮቹ ከሚከቡት ሦስት ማዕዘን ውጭ ሲያርፍ ይወድቃል። ስለዚህ በሚቀጥለው አምሳያ የእግሮቹን ጫፍ ወደ ውጭ አሰፋ። ስሕተቱን ያገኘው በካርቶን ላይ ስለ ሆነ የጠፋው አንድ ባዶ የሳሙና ካርቶን ብቻ ነው።

አባት ግን ይህን ሁሉ ሳያውቁ፣ ቤቱ ተዝረከረከ ብለው አንድ ምሽት አምሳያዎቹን ሰብስበው ከምድጃ ጨመሯቸው። ልጁ አልመለሰላቸውም። ንድፉ በደብተሩ ነበረና በማግስቱ እንደ ገና ሠራው፤ ከዚያም ወደ እንጨቱ ሄደ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አባት ከሥራ ሲመለሱ እናታቸው ከበርጩማው ላይ ብቻቸውን ተነሥተው በሩን ሲከፍቱላቸው አዩ። ወዳጃችን ይህን ሲነግሩን፣ «ያቃጠልሁት ካርቶን ምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ» አሉን።

ይህ ትምህርት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ቅኔያችንን ያስታውስ። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው ያሰበውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ስፍራም የቀለጠው ወርቅ ይገባል። በሰሙ ላይ የነበረ እንከን በወርቁ ላይ ይታያል። የወርቅ አገር በሆነው በወለጋ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እንግዲህ የተማሪው ካርቶን የአንጥረኛው ሰም ነው።

ሌሎች ሕዝቦችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ በ1911 ዓ.ም. የተከፈተው ባውሃውስ የተባለው ትምህርት ቤት፣ አዲስ ተማሪዎችን ወደየሥራ ቤቱ ከመምራቱ በፊት በመሰናዶ ትምህርት ያሠለጥናቸው ነበር። ከመምህራኑ አንዱ ዮሴፍ አልበርስ፣ ተማሪዎቹ ተራ ወረቀት በማጠፍና በመቍረጥ ብቻ ጽኑ ነገር እንዲያቆሙ ያደርግ ነበር። ወረቀትን ማጽናት የቻለ እጅ ብረትንና እንጨትን አያባክንም።

ዳሩ ግን በብዙ ቤት የሚያስቸግረው የካርቶኑ ጕድፍ ሳይሆን የእጅ ሥራን የመናቅ ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛውን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ ቤት ገና አልወጣም። ዛሬ ለልጁ በሩ ተከፍቷል። በአዲስ አበባ በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ፤ በነቀምቴም ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋቁሞ በጊምቢና በሻምቡም ግቢ አለው። የትምህርት በር ተከፍቶ ሳለ የቤቱ በር እንዳይዘጋበት መጠንቀቅ የወላጅ ፈንታ ነው።

ስለዚህ ለልጃችሁ አንድ ደብተር፣ እርሳስና ማስመሪያ ስጡት፤ አምሳያውን የሚያኖርበትም አንድ መደርደሪያ ልቀቁለት። ሥራውን ሲያሳያችሁ «ያምራል» ወይም «አያምርም» ብላችሁ አትለፉት። ለማን ነው? ልኩን ከወዴት አገኘኸው? በምንስ ፈተንኸው? ብላችሁ ጠይቁት። ሊመልስ ካልቻለ ራሱ ወደ ንድፉ ይመለሳል፤ ከቻለም ግንዱን ያለ ሥጋት ልትሰጡት ትችላላችሁ።

ሰሙን የጣለ ወርቁን አይጠብቅ።