በሽተኛው ወዴት ይሂድ?

ስብከት የምጠላ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ ያለውን አንብቦ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ የየትኛው ወገን ነው?» የሚል ስለማይጠፋ ነው።

ሆስፒታል ሰው ሊጠይቅ የገባ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ስምንት አልጋ በተደረደረበት ክፍል አንዱ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ መካከል ላይ ይቆማል። ቀዶ ሕክምናው ለነገ የተቀጠረለትም፣ ግሉኮስ ክንዱ ላይ የተተከለለትም ወደደም ጠላም ያዳምጣል። «ነገ ብትሞትስ?» ይባላል፤ ለዚያ ሰው! እሱ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያሰላስል ነው ያደረው። አጠገቡ የተኛው ሙስሊም ይሆናል፤ ማዶ ያሉት እናት ማተባቸውን ይዘው የራሳቸውን ጸሎት ጀምረው ይሆናል። ሰባኪው ግን የአንዳቸውንም ስም አልጠየቀም። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይም ያው ነው፤ መውረጃ የለም።

ይህን «ድፍረት» ይሉታል። የምን ድፍረት! ከአልጋው መነሣት በማይችል ሰው ፊት ቆሞ መናገር ምን ልብ ይጠይቃል?

«ጊዜ የለም፤ ነፍስ እየጠፋች ነው» የሚል መልስ እሰማለሁ። ይሁን። እንግዲያው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን እንይ፤ የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ (ሕንደኬ የት ነገሠች የሚለውን ክርክር ለታሪክ ሰዎች ትቼ)። ፊልጶስም ቸኩሏል፤ ወደ ሠረገላው የደረሰው እየሮጠ ነው። ሮጦ ሲደርስ ግን መጀመሪያ ሰማ፤ ሰውየው ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ቀጥሎ ጠየቀ። ሠረገላው ላይ የወጣው ተለምኖ ነው። ትምህርቱንም የጀመረው ሰውየው ከሚያነበው ክፍል ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ከዚህ የተሻለ የማስተማር ዘዴ አላየሁም።

ከራሳችን ታሪክም ቢሆን ትምህርቱ አልጠፋም። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 እ.ኤ.አ. መጣ፤ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ በክርክርና በወዳጅነት አፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት አቀረበ። በ1622 ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ቄሱ እንደገና ይካን፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ይቅር አለ። የንጉሡ ሰይፍም ታከለበት። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ሚሲዮናውያኑም ተባረሩ። መጽሐፍ የያዘ ሰው ሰይፍ አልያዘም፤ ይህን አልስትም። የሚያመሳስላቸው ሰሚው «አልፈልግም» የሚልበት በር መዘጋቱ ነው።

ዝም በሉ አላልኩም። ታማሚው ውሃ ይፈልግ ይሆናል፤ ያቀብሉት። ትራሱ ተንሸራትቶ ይሆናል፤ ያቃኑለት። እንጸልይልህ ወይ ብለው ዝግ ባለ ድምፅ ይጠይቁት፤ ካልፈለገም ቁጭ ብለው ያጫውቱት። የክፍሉን በር «ጸጥታ ይከበር» በሚል ማስታወቂያ ያስጌጡት የሆስፒታል አስተዳዳሪዎችስ፣ ጽሑፉን የለጠፉት ማን እንዲያነበው ይሆን?