የገጠር ትምህርት ቤት ቡድን በውድድር ዋዜማ አይበተን

ከወልድያ ተነስቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ፣ ከዚያም ወደ ዋጃና አላማጣ በሚያመራው መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ከተከመረ በኋላ በየመንደሩ ዳር ኳስ የሚያባርሩ ልጆችን ያያል። የግቡ ቋሚ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ኳሷም ብዙ ጊዜ የጨርቅ ናት። የራያ ቆላ ልጅ እግር ኳስን የሚጀምረው በዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ ነው።

ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ጨዋታው ሥርዓት ይይዛል። በቅድሚያ ክፍል ከክፍል ይጋጠማል፤ የተመረጡት ለትምህርት ቤታቸው ይሰለፋሉ፤ የትምህርት ቤቶች ውድድርም ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል እያለ ያድጋል። ጥሎ ማለፉ በሚደርስበት ጊዜ የአንድ አነስተኛ የገጠር ትምህርት ቤት ግጥሚያ የተማሪዎቹ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ገበያተኛው አህያውን አስሮ ይመለከታል፤ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ዘልቆ የማያውቅ ወላጅም በዚያ ቀን ልጁን ለማየት ይመጣል። ትምህርት ቤቱ የሕዝቡ መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአነስተኛ ትምህርት ቤት ጎልቶ የታየ አጥቂ ወይም በረኛ በውድድሩ ዋዜማ ወደ ትልቅ ከተማ ትምህርት ቤት ወይም ወደ አንድ ክለብ ሲጠራ፣ ወደ ኋላ የቀረው ቡድን ይፈርሳል። ብዙ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት አንድ ተጫዋች ቢያጣ ሌላ ይተካል፤ ጥቂት ተማሪ ያለው ግን ሁለት ልጆች ሲወሰዱበት አሥራ አንዱን ለመሙላት ይቸገራል። ያለ በቂ ኳስና ያለ መረብ ሲያሠለጥን የከረመው የስፖርት መምህርም ድካሙ ለሌላ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት በምን ልቡ ያሠለጥናል?

የቆቦ ገበሬ ይህን ነገር ከማሽላው ያውቀዋል። ደጋሊትም ዘራ ጅጉርቴ፣ ለዘር የሚሆነውን ዛላ ከአጨዳ በፊት በማሳው ውስጥ እየተዘዋወረ ይመርጣል፤ ለብቻውም ያስቀምጠዋል። ምርጡን ዛላ ሁሉ ወደ ገበያ ያወጣ ገበሬ በሚመጣው ዓመት ምን እንደሚገጥመው ሊነገረው አያስፈልግም። ከገጠር ትምህርት ቤቶች እየለቀሙ መውሰድ ብቻ፣ መልሶ ሳይዘሩ፣ ከዚህ የተለየ ውጤት አያመጣም።

ይህ ሲባል ልጁ ካለበት አይንቀሳቀስ ማለት አይደለም። ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን በየሳምንቱ ከቤተሰቡ እያመላለሰ ለሚማር የገጠር ተማሪ የተሻለ ትምህርት ቤት መግባት መብቱ ነው፤ ክለብ ደርሶ ደመወዝ ማግኘትም ለቤተሰቡ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ጠሪው የሚፈልገው የልጁን እግር ብቻ ከሆነ ጉዳቱ የከፋ ነው። ጉልበቱ የተጎዳ ወይም በሙከራ ያልተመረጠ ልጅ ትምህርቱን ካቋረጠ በኋላ ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ ክፍሉም ቡድኑም አልፈውት ይጠብቁታል። ያን ጊዜ የጠራው ሰው በአጠገቡ አይገኝም።

ጉዳዩ ከአንድ ወረዳ አልፎ የአገር ነው። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ በፍጻሜው ግብፅን 4 ለ 2 በማሸነፍ ከወሰደች ወዲህ ያን ድል አልደገመችም። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደዚያ ውድድር ለመመለስ እስከ 2005 ዓ.ም. 31 ዓመት መጠበቅ ግድ ሆኖባታል። በሰሜን ወሎም በጥር 2009 ዓ.ም. በወልድያ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ተመርቋል፤ የከተማው ክለብ ግን በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዷል። ስታዲየም መሠራቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ተጫዋች የሚበቅለው ግን ከዚያ ርቆ፣ ሁለት ድንጋይ በተተከለበት ሜዳ ላይ ነው።

ሌሎች አገሮች ለተመሳሳይ ችግር መላ አበጅተዋል። በአሜሪካ ግዛቶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ብዛታቸው በየምድብ ተከፍለው ለዋንጫ ስለሚጫወቱ፣ አነስተኛው ትምህርት ቤት ከእኩያው ጋር ይገጥማል። ያለ በቂ ምክንያት ትምህርት ቤት የቀየረ ተጫዋች ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሰለፍ የሚያደርግ ደንብም በብዙዎቹ ለረጅም ዘመን ሠርቷል፤ በቅርብ ዓመታት ያላሉትም አሉ። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ በበኩሉ አንድ ተጫዋች በዓለም አቀፍ ዝውውር ሲሸጥ ከዋጋው እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ደንግጓል። ሆኖም ገንዘቡ የሚደርሰው ለተመዘገበ ክለብ ነው። ልጁን መጀመሪያ ያሠለጠነ የገጠር ትምህርት ቤት በመዝገብ ላይ ከሌለ ድርሻ የለውም።

ከዚህ በመነሳት በወረዳና በዞን ደረጃ ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ሊፈጸሙ የሚችሉ ሥራዎች አሉ። አንደኛ፣ የየትምህርት ቤቱ ተጫዋቾች ስም በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ተመዝግቦ ይዘጋ፤ ከዚያ በኋላ የተዛወረ ተማሪ መማሩን ይቀጥል፣ ለአዲሱ ትምህርት ቤት መሰለፉ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ወላጆቹ መኖሪያ የቀየሩ ወይም በችግር የተፈናቀሉ ከሆነ ግን ሊፈቀድለት ይገባል። ሁለተኛ፣ አነስተኛ ትምህርት ቤቶች በቅድሚያ እርስ በርሳቸው ተጋጥመው አሸናፊያቸው ከትላልቆቹ ጋር ይገናኝ። ሦስተኛ፣ ተማሪ የሚወስድ ክለብ የልጁን ትምህርት እስከ መጨረሻው ለማስቀጠል በወላጁና በርዕሰ መምህሩ ፊት በጽሑፍ ይዋዋል፤ ለመነሻው ትምህርት ቤትም ቢያንስ ኳስና መረብ ይስጥ። አራተኛ፣ ልጁ የት፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንደሠለጠነ የሚገልጽ መዝገብ በትምህርት ቤቱ ይያዝ።

የቆቦና የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ክፉኛ ተፈትነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭትም የብዙ ተማሪዎችን ትምህርት አስተጓጉሏል። ከክፍል የራቀን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ከሚመልሱት ነገሮች አንዱ ጓደኞቹ የሚጠብቁት ቡድን መኖሩ ነው። ስለዚህ የትምህርትና የስፖርት ኃላፊዎች፣ ርዕሳነ መምህራንና ወላጆች የአነስተኛ ትምህርት ቤት ቡድንን እንደ ትርፍ ነገር ሳይሆን እንደ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ሊመለከቱት ይገባል። ጎበዙ ልጅ ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል፤ መሄድም አለበት። ሲሄድ ግን ደብተሩን ይዞ ይሂድ፤ ከኋላው የሚተወው ሜዳም ሌላ ልጅ የሚያበቅል ይሁን።